የአራተኛው ክፍል ሐምራዊ

ካልጋሪ፣ ፋልከንሪጅ
ኅዳር 22 ቀን 2017
ከዜሮ በታች 19፤ በረዶው ቆሟል፤ ነፋስ የለም። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና መሪማ።

ለጋሼ ፀጋዬ፣

ጉልበትዎ እንዴት ነው? ጆሮዎስ ተሻለው? ልጅዎ ትግስት እንዴት ከርማለች? እኔ ከብርዱ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ እሱም ቢሆን ከለመድኩት ቆየሁ።

በቀንና በአየር ጠባይ መጀመሬ እንዳይገርምዎ። የሥራ ልማድ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሺፍት በገባሁ ቁጥር መዝገቡ ላይ መጀመሪያ የማሰፍረው ቀኑን፣ ሙቀቱንና ማን እንዳለ ነው። ሳላውቀው ደብዳቤም ላይ መጣብኝ።

ባለፈው በስልክ ስለጮህኩብዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አልሰማ ብሎዎት እንጂ ተቆጥቼ አልነበረም። መሪማን ነግሬዎታለሁ፤ ታች ቤት የተከራየች የወረኢሉ ልጅ ናት፣ ታክሲ ትነዳለች። ከጎኔ ቁጭ ብላ ስትሰማኝ ቆይታ፣ «እንዲህ ከጮኽሽ ወላሂ ስልኩ ምን ያደርጋል፣ መስኮቱን ከፍተሽ ንገሪያቸው» አለችኝ። ከእንግዲህ በወረቀት እጽፋለሁ፤ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ስልከው ትግስት በስልኳ ታሳይዎታለች።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እውነቱን ልንገርዎ፤ ስለ ሥራዬ በግሳጼ ሳይሆን በጥያቄ ሲጽፉልኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ስድስት ዓመት «ያ የምትሠሪው ነገር» ሲሉት ኖረዋል። ካናቢስ እዚህ አገር እንደማንኛውም ሰብል በፈቃድ የሚለማ መሆኑን ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁዎ እኔ አውቃለሁ። አሁን «ለምን ሐምራዊ ይሆናል?» ብለው ጠየቁኝ። እርስዎ፣ ሠላሳ ዓመት የእርሻ ባለሙያ የነበሩት፣ እኔን።

ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ እነግርዎታለሁ።

ሐምራዊ የሚያደርገው አንቶሳያኒን የሚባል ቀለም ነው። ቀይ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። ተክሉ ሊደርስ ሲል አረንጓዴው ይሟሽሻል፤ ያኔ ይህኛው ብቅ ይላል። ሁሉም ተክል ግን አንድ አይደለም። አንዱ በዘሩ ሐምራዊ ነው፤ ክፍል ሁለት ያለን እንዲያ ነው፤ ቢሞቀውም ቢበርደውም አበባው ይጠቁራል። ሌላው ቀለሙ በውስጡ ቢኖርም የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ አያወጣውም። ሦስተኛው ግን ሕመም ነው፤ ፎስፈረስ ሲያጣ ግንዱና የቅጠሉ ጅማት ይጠቁራል፤ ያላወቀ ሰው አይቶ ደስ ይለዋል።

ገዢው ሐምራዊው ይበረታል ብሎ ያምናል። አይበረታም። ቀለም ቀለም ነው። አንዳንዱ የወይን ፍሬ ይሸታል፤ እሱም ከሌላ ዘይት የሚመጣ እንጂ ከቀለሙ አይደለም።

ይህን ማን ነገራት እንደሚሉ አውቃለሁ። ማንም አልነገረኝም። ትዝ ይልዎታል፣ እርስዎ የጨረሱትን ደብተር አባባ ለባለሱቁ ሲሰጠው ባለሱቁ ስኳር ይጠቀልልበት ነበር። እኔ ስኳር ግዢ ስባል የምሮጠው ለስኳሩ አልነበረም። ፊደል የለየሁት በእርስዎ እጅ ጽሑፍ ነው። እዚህም ያው ነኝ። የዘር ፓኬት፣ የማዳበሪያ መመሪያ፣ ቢሮዎቹ የሚጥሉትን የስብሰባ ወረቀት ከቆሻሻው ቅርጫት አውጥቼ ደብተር ላይ እለጥፋለሁ፤ ያልገባኝን ቃል በመዝገበ ቃላት እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ክፍል አራት ውስጥ ያሉት ሁሉ ከአንድ እናት ተክል የተቆረጡ ናቸው፤ ግን ሐምራዊ የሆነው ከውጩ ግድግዳ ጋር ያለው ሦስተኛው ረድፍ ብቻ ነው። ሚስጥር የለውም። ከበላዩ ያለው የአየር ማስገቢያ መዝጊያው ተሰብሯል፤ የካልጋሪን ብርድ እንዳለ ያስገባል። ሦስት ጊዜ ሪፖርት አድርጌያለሁ። የአብቃዮቹ ኃላፊ ሩቤን ግን ረድፉን ባየ ቁጥር ፎቶ ያነሳል።

እሱ ራሱ ባለፈው ስለ አገሬ ተክሎች ሲጠይቀኝ «የተማረ ወንድም አለኝ» ብዬ ኮራሁ። የትግስትን ኢሜይል ሰጥቼዋለሁ። ከጻፈልዎ አይገረሙ።

እህትዎ ዘሪቱ

*

ካልጋሪ፣ ፋልከንሪጅ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017
ከዜሮ በታች 26፤ ጥርት ያለ ሰማይ። ቤት ውስጥ እኔ ብቻ፤ መሪማ ሥራ ናት።

ለጋሼ ፀጋዬ፣

እንዴት ሰነበቱ? «ጽሑፍሽ ጥሩ ነው፣ ግልጽ ነው» ያሉኝን ለመሪማ አነበብኩላት። ደግማ አስነበበችኝ። ሃምሳ አንድ ዓመት ሆኖኝ እንደ ተማሪ ደስ አለኝ፤ ቢያፍሩብኝም እውነቱ ይኸው ነው።

የጠየቁኝን በተራ እመልሳለሁ።

መጀመሪያ፣ ግንዱም ጭምር ነው ወይስ አበባው? ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቅጠሉ ከዳር ይጀምራል፣ ከዚያ አበባው፣ ግንዱ ብዙም አይደለም። ስንት ዲግሪ ላይ? ሌሊት ክፍሉ 20 መሆን አለበት፤ ግድግዳው ጋ እኔ የለካሁት 11 ነው።

አመጣጡን ማንም በእርግጥ አያውቅም። ያገኘሁት ወረቀት ሁሉ የየራሱን ይናገራል። ብዙው የቆዩት ሐምራዊዎች ከአፍጋኒስታንና ከሂንዱኩሽ ተራሮች ነው ይላል፤ የመኸር ሌሊቱ ስለሚበርድ። አንዳንዱ ከታይላንድ የመጣም አለ ይላል። ከዚያ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተዳቀሉ፤ አሁን በየሱቁ የምናያቸው ስሞች የዚያ ልጆች ናቸው። ግን ያዳቀሉት ሰዎች ሕግ ፈርተው ተደብቀው ነበርና አልጻፉም። መዝገብ በሌለው ነገር ላይ ደግሞ ማንም የፈለገውን እናት ይሰጠዋል። የአንድ ዘር ታሪክ በሦስት ወረቀት ላይ ሦስት ዓይነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ደላንታ ውስጥ እንዲህ ያለ ተክል ነበር ወይ ብለው መጠየቅዎ አስገረመኝ። እማማ ጓሮ ጎመን፣ ጤና አዳምና ድንች እንጂ ሌላ ምን ነበር? ሐምራዊ ካሉኝ የማውቀው ጥቁር ገብሷን ነው። እርስዎ ያኔ ደሴ ትምህርት ላይ ስለነበሩ አላዩትም ይሆናል። ከላይኛው ማሳ፣ ውርጭ ከሚወርድበት፣ እሸቱ ሳይደርስ አገዳው ሐምራዊ ይሆን ነበር። ሌሎች በውርጩ ሲያለቅሱ እማማ ከዚያ ማሳ ለዘር የሚሆነውን ትለቅም ነበር፤ በቅል አድርጋ፣ አመድ ነስንሳ፣ ቆጥ ላይ ታስቀምጠዋለች። «ውርጭ ያየ ዘር አይከዳም» ትለኝ ነበር። እኔ ነኝ ቅሉን የምይዝላት።

ይህን ስጽፍ ናፈቀችኝ። ጋሼ፣ ያችን ፎቶዋን እስኪ እንደገና ይፈልጉልኝ። ለቀበሌ መታወቂያ የተነሳችውን። ቤት ስትቀይሩ ጠፋ ብለውኛል፣ አውቃለሁ፤ ግን ከመጻሕፍትዎ ሳጥን ሥር ይኖር ይሆናል። እኔ ከእሷ ምንም የለኝም። ፊቷ አሁን አሁን እየደበዘዘብኝ ነው፤ የቀኝ ቅንድቧን ጠባሳ ብቻ ነው በደንብ የማስታውሰው።

እህትዎ ዘሪቱ

*

ደሴ፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለዘሪቱ፣

እኛ በመልካም ጤንነት ላይ እንገኛለን። ሳልጽፍልሽ በመቆየቴ ቅር እንዳይልሽ፤ በአንድ ጉዳይ ተጠምጄ ነበር። ስለ ሰጠሽኝ ማብራሪያ አመሰግናለሁ። ለግል እውቀቴ በእጅጉ ጠቅሞኛል።

ፎቶውን በተመለከተ ሳጥኑን ሁሉ ፈትሻለሁ፤ አልተገኘም። የጠፋ ነገር ጠፋ ነው።

አንድ ነገር ግን እንደ ታላቅ ወንድምሽ ልምከርሽ። እዚያ ባለው ቤተ ክርስቲያን በምን እንደምትተዳደሪ ለሰው ሁሉ አትዘርዝሪ። እኛ ወላጆቻችን በስማቸው የተከበሩ ነበሩ። ስማችንን ጠብቂ።

ትግስት በቅርቡ የምትደሰትበት ዜና ይኖራታል። ጊዜው ሲደርስ እነግርሻለሁ። አሁን አትጠይቂኝ።

ወንድምሽ ፀጋዬ ይመር

*

ካልጋሪ፣ ፋልከንሪጅ
የካቲት 2 ቀን 2017
ከዜሮ በላይ 7፤ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት የክረምት ነፋስ ይነፍሳል፤ የጣራው በረዶ ቀልጦ ይንጠባጠባል። ቤት ውስጥ እኔ፣ መሪማ፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ እማማ።

ፀጋዬ፣

ጤናህን አልጠይቅህም። እስከ ዛሬ አንቱ እልህ ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ አልልህም።

ይህ ደብዳቤ በትግስት ስልክ አይመጣም። መሪማ ነገ ወደ ደሴ የሚሳፈር ዘመድ አላት፤ በእጅህ ይሰጥሃል። ልጅህ ፊት እንዳላዋርድህ ነው። አንተ ለእኔ ይህን ያህል አላሰብክም።

ዓርብ ዕለት ሩቤን ቢሮ ጠራኝ። ሥራ ላይ የሆነ ነገር ያጠፋሁ መስሎኝ ጓንቴን እንኳ ሳላወልቅ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ሐምራዊ ክሬም የተቀባ ኬክ አለ። ከሽያጭ ክፍል ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ሩቤን ስሜ ስለሚከብደው ዚ ነው የሚለኝ። «ዚ፣ እንኳን ደስ አለሽ» አለኝና አንድ የናሙና ጣሳ ሰጠኝ። ላዩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «አልጣሽ ፐርፕል» ይላል።

አልጣሽ። የእናቴ ስም። የካናቢስ ጣሳ ላይ።

ከዚያ ለሱቆች ሊላክ የተዘጋጀውን ወረቀት ገለጡልኝ። መነጽሬን አወለቅኩ፣ ጠረግኩ፣ መልሼ አደረግኩ። እማማ ናት። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ለብሳ፣ ከንፈሯን ገጥማ፣ የቀኝ ቅንድቧ ላይ ጠባሳዋ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠፋ ያልከኝ ፎቶ። ባለፈው ወር «ሳጥኑን ሁሉ ፈትሻለሁ» ብለህ የጻፍክልኝ ፎቶ። ለእኔ አንድ ኮፒ ማንሳት አቃተህ፤ ለማያውቁህ ሰዎች ላክኸው። እኔ የእናቴን ፊት ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ ያየሁት ኬክ በሚበላ ሰው ትከሻ ላይ አንገቴን አስግጌ ነው።

ሩቤን የማለቅሰው በደስታ መሰለው። ናፕኪን ሰጠኝ።

«የአመጣጥ ሪፖርት» የሚሉትን አራት ገጽ፣ ፎቶዋ ካለበት ወረቀት ጋር፣ ወደ ቤት ይዤው መጣሁ። ሁለት ቀን ሙሉ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ አንድ ቃል ሳልዘል አነበብኩት። «ከደላንታ ደጋ፣ ውርጭ ከሚወርድበት ማሳ፣ በወይዘሮ አልጣሽ እጅ ለትውልድ የተጠበቀ ሐምራዊ የካናቢስ ዘር» ይላል። ቅሉ አለ። አመዱ አለ። ቆጡ አለ። ቅጠሉ ከዳር መጀመሩ አለ፤ 11 ዲግሪው አለ። «ውርጭ ያየ ዘር አይከዳም» ደግሞ እንግሊዝኛ ሆኖ በትልቁ ተጽፏል። መጨረሻው ላይ የአንተ ስም፣ የአንተ ማዕረግ፣ የአንተ ፊርማ።

ግንዱ ነው አበባው? ስንት ዲግሪ? የእማማ ገብስስ? እያልክ የጠየቅከኝ ለዚህ ነበር። ወንድሜ በስተርጅና ሊሰማኝ ፈለገ ብዬ እያንዳንዱን መስመር ሁለት ጊዜ ገልብጬ ነበር የምጽፍልህ። ጽሑፍሽ ጥሩ ነው አልከኝ። ጥሩ መሆኑንማ አየሁት፤ አንድም ቃል ሳትቀይር ነው የሰጠሃቸው። ገብሱን አወጣህ፣ ካናቢሱን ከተትክ። የሠራኸው ይህን ብቻ ነው።

እማማ በዕድሜዋ ከጠላ ያለፈ ቀምሳ አታውቅም። እኔ ባለማው አላፍርም፤ የምሠራው በግልጽ ነው፤ ታክሱንም እከፍላለሁ። እሷ ግን ይህን ተክል አይታው አታውቅም። ውሸት ነው የተሸከመችው፤ እምቢ እንዳትል ደግሞ ሞታለች።

«ስማችንን ጠብቂ» ብለህ የጻፍክልኝ ቀን በሌላው እጅህ ምን እየፈረምክ ነበር? ቀኑን አይቼዋለሁ። ጥር 8 ነው። ያው ቀን።

አሁን የቤተሰብ ፈቃድ ያስፈልጋል አሉኝ። ያንተ ፊርማ አለ፤ የእኔ ቀርቷል። እስከ የካቲት 14 ዓርብ ጠዋት ፈርሜ እንድመልስ ተነግሮኛል።

መሪማ ወረቀቱን አገላብጣ አይታ፣ «ይህ ወንድምሽ ምን ተከፈለው?» አለች። አላውቅም አልኳት። የማላውቅ አልመሰላትም። እኔ ግን የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፤ ለምን?

ዘሪቱ

*

ደሴ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ዘሪቱ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የተጻፈበት ቋንቋ ለታላቅ ወንድም የሚጻፍ አይደለም። ስለ ተቆጣሽ ግን አልፌዋለሁ።

ያልገባሽ ነገር ስላለ ላስረዳሽ። ገንዘብ አልተቀበልኩም። አለቃሽ ሩቤን በኢሜይል ስለ አገር ቤት ዘር ጠየቀኝ፤ ለሪፖርቱ ምላሽ ድርጅቱ ለትግስት የሦስት ወር ሥልጠና የግብዣ ደብዳቤ ሊጽፍላት ቃል ገብቷል። ልጅቷ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዲግሪዋን ይዛ አራት ዓመት ቤት ተቀምጣለች። በየቀኑ ፊቷን የማየው እኔ ነኝ። ወላጅ ብትሆኚ ይገባሽ ነበር።

አንቺን ለምን አልጠየቅኩም ትይ ይሆናል። አትቀየሚኝ እንጂ ኤምባሲ የሚያከብረው የድርጅት ማኅተም ነው። አንዲት ቅጠል ለቃሚ የጻፈችው ደብዳቤ ልጄን የት ያደርሳታል?

እናታችን አርፋለች፤ ምን ይጎዳታል? ፎቶውም የተገኘው በቅርብ ነው። አመጣጡም ቢሆን ራስሽ «ማንም አያውቅም» ብለሽ ጽፈሻል። ማንም በማያውቀው ነገር ላይ ጥቂት ብንጨምር ማንን በደልን? ያንቺ ፊርማ ካልመጣ ግብዣው ይቀራል። ይህን ልብ በይ። የወንድምሽን ልጅ ዕድል በእጅሽ ይዘሻል።

ዓርብ ፈርሚ። ከዚያ በኋላ እንደፈለግሽ ስደቢኝ።

ፀጋዬ ይመር

*

ካልጋሪ፣ ፋልከንሪጅ
የካቲት 13 ቀን 2017፣ ሐሙስ ማታ
ከዜሮ በታች 22፤ ቺኑኩ ካለፈ ሳምንት ሆነው። ቤት ውስጥ እኔ፣ መሪማ።

ፀጋዬ፣

«ቅጠል ለቃሚ» የምትለዋን ቃል ብዙ ጊዜ አየኋት። እውነት ነው፤ ቅጠል እለቅማለሁ። ለቃሚዋ የጻፈችልህን ግን ባለ ዲግሪው ፈርመህበታል።

ማንም አያውቅም ያልኩህ አላውቅም ማለትን እንድትማር ነበር እንጂ እማማን እዚያ ክፍተት ውስጥ እንድትከታት አልነበረም። ይህንንም ከአንተ ተምሬዋለሁ ብዬ ነበር የማስበው። ስኳር የተጠቀለለበት አንድ ደብተርህ ላይ መምህርህ በቀይ «ያላየኸውን አትጻፍ» ብሎ አስምሮበት ነበር። እኔ ስድስት ዓመት ሳልሞላ ያነበብኩት ነገር ነው። አንተ የጣልከው ደብተር ነው።

ስለ ግብዣው። እኔ የዚህ አገር ዜጋ ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ቋሚ ሥራ አለኝ፣ የራሴ ቤት አለኝ፣ ትርፍ መኝታ አለኝ። አንድ ቀን «ዘሪቱ፣ ልጄን ጥሪልኝ» ብትለኝ በዚያው ሳምንት እጽፍልህ ነበር። አልጠየቅከኝም። እኔን መለመን እናትህን ከመቃብር አውጥቶ ከመሸጥ ከበደህ። ስድቡን ሁሉ የምረሳልህ ይመስለኛል፤ ይህን ግን አልረሳውም።

ትግስት ጽፋልኛለች። ሪፖርቱን በኢሜይል የላከችው እሷ ስለሆነች የሆነውን ገምታ ነበር፤ የኔን የየካቲት ደብዳቤም ከኪስህ አግኝታ አንብባዋለች። ምን እንዳለችኝ ለአንተ አልጽፍም። የነገረችኝ ለእኔ ነው። የመለስኩላትን ከፈለግህ ጠይቃት፤ ትነግርህ እንደሆነ እንጃ።

አሁን የተለመደውን ሥራዬን ልሠራ ነው። ጥር ውስጥ ሁለት ሳምንት ቺኑክ ሲነፍስ የደረሰው ዙር፣ ያው ሦስተኛው ረድፍ፣ አረንጓዴ ሆኖ ነው የተቆረጠው። ያኔ ሩቤን ትንሽ ግራ ገብቶት «ይህ ዘር ዓይናፋር ነው» ብሎ ሳቀ። ዓይናፋርም አይደለም፤ የደላንታም አይደለም። የበረደው ተክል ነው። መዝገቤን ገልብጬ የእያንዳንዱን ዙር ቀን፣ የሌሊቱን ሙቀትና የአበባውን ቀለም ጎን ለጎን አስፍሬዋለሁ። ዘጠኝ መስመር ሆነ። የጻፍኩት የፈቃድ ቅጹ ጀርባ ላይ ነው። ንጹሕ ወረቀት ነበር፤ ወረቀት አላባክንም።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ አላቆመውም። ነገ የማደርገውን ጨምሬ እልክልሃለሁ፤ ሰው በአፉ እንዳይነግርህ።

የካቲት 14 ቀን 2017፣ ዓርብ ጠዋት
ከዜሮ በታች 24፤ ጉም። ሺፍት ላይ እኔ፣ ሩቤን፣ አንድ ጥበቃ።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣሁ። ሻይ ጠጣሁ። ለትግስት የግብዣውን ደብዳቤ ፖስታ ውስጥ አድርጌ አሸግኩ፤ እንግሊዝኛውን ራሴ ጽፌዋለሁ፤ መሪማ ሁለት ስሕተት አገኘችበት፣ አረምኩት። ጠይቃኝ ነው የጻፍኩላት። ያንተ ስም አባት ከሚለው ቦታ ሌላ የትም የለም።

መሪማ በታክሲዋ ወሰደችኝ። ፎረስት ሎን አደባባዩ ጋ ስንደርስ፣ «ዛሬ ሥራ ከለቀቅሽ ስትመለሺ በአውቶቡስ ነው፤ ሥራ አጥ በነጻ አልጭንም» አለችኝ። ከዚያ እጄን ያዘችኝ። ደጃፉ ላይ አወረደችኝ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን መዝገቡን ከፈትኩ። ቀኑን፣ ሙቀቱን፣ ያለውን ሰው ጻፍኩ።

ክፍል አራት ገባሁ። ግድግዳው ጋ 10 ዲግሪ። መሰላሉን አምጥቼ ወጣሁ፤ የመሰላል ሥልጠና ወስጃለሁ። የአየር ማስገቢያው መዝጊያ ላይ የጋገረውን በረዶ በሞቀ ጨርቅ አቅልጬ አወረድኩ። የተሰበረውን ፒን አወጣሁ፤ ትናንት የገዛሁትን ብሎን በቦታው ከትቼ አጠበቅኩት። ሦስት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት። ዘጋ። መዝገቡ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ክፍል አራት፣ የአየር ማስገቢያ ተስተካክሏል፤ ጥቅምት 4፣ ጥቅምት 19 እና ኅዳር 10 ሪፖርት ተደርጎ ነበር። ሙሉ ስሜን ጻፍኩ፤ ዘሪቱ ይመር።

ከዚያ ለሱቆች ሊላክ የነበረውን ወረቀት አወጣሁ። አበባ በምንከረክምበት መቀስ እማማን ዙሪያዋን ቆረጥኳት። ስድስት ዓመት የሠራሁበት መቀስ ነው። መታወቂያዬ ኪስ ውስጥ ከተትኳት። የቀረውን ከሪፖርቱ ጋር፣ ቅሉን፣ አመዱን፣ ያንተን ፊርማ፣ የሥራ ቦታ ወረቀት የምንጥልበት ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት።

ሁለት ሰዓት ላይ ሩቤን ወደ ክፍል አራት መጣ። የፈቃድ ቅጹን ሰጠሁት። የፊርማውን ቦታ ፈለገ፤ ባዶ ነው። «ገልብጠው» አልኩት። ገለበጠው። ዘጠኙን መስመር ቁሞ አነበበ። ሁለተኛ አነበበ። ቀና ብሎ አየር ማስገቢያውን አየ።

«ይህ ከተስተካከለ እኮ አልጣሽ ፐርፕል የለም» አለኝ።

«አልነበረም» አልኩት። «የእናቴን ስም ከጣሳው ላይ አንሱ። ካላነሳችሁ ይህን ወረቀት ፈቃድ ለሚሰጣችሁ መሥሪያ ቤት እልከዋለሁ። ኮፒ አለኝ።»

ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣም፤ ያረጀ መሰለኝ። ስልኩን አውጥቶ ለሽያጭ ክፍል ደወለና ጣሳው እንዳይታተም ተናገረ። ከዘጋ በኋላ ወረቀቱን እያየ፣ «ዚ፣ ይህን ሁሉ ማን አስተማረሽ?» አለኝ።

«ዘሪቱ ነው ስሜ» አልኩት። «ያስተማሩኝ ወረቀት የሚጥሉ ሰዎች ናቸው።»

ከዚያ እጄን ታጠብኩ። አዲስ ጓንት አደረግኩ። ሦስተኛው ረድፍ ጋ ሄጄ ከመጀመሪያው ተክል የታችኛውን ቅጠል መልቀም ጀመርኩ። ግድግዳው ጋ ሙቀቱ 16 ደርሶ ነበር፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን 20 ሆነ። ጻፍኩት።